ሮቦት በሰዎች መካከል ሲቀመጥ፡ ከፕላዝማ የተገኘው ልምድና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች

ከሰው ጋር የሚነጋገሩ፣ ፊት የሚለዩና ለተጠየቁት ምላሽ የሚሰጡ ማኅበራዊ ሮቦቶች በዓለም ዙሪያ በትምህርት ቤቶች፣ በአረጋውያን መጦሪያዎችና በሥራ ቦታዎች መታየት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲያጠኑት የቆዩት አንድ ሮቦት ከአንድ ሰው ጋር እንዴት እንደሚግባባ ነበር። ባለፉት አሥር ዓመታት ግን ሌላ ጥያቄ ጎልቶ ወጥቷል። ይኸውም ሮቦቱ በሰዎች ስብስብ መካከል ሲቀመጥ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን፣ የሚደማመጡበትንና የሚተማመኑበትን ሁኔታ በምን መልኩ ይለውጠዋል የሚለው ነው።

ጥያቄው በመጀመሪያ እይታ ከኢትዮጵያ፣ በተለይም ከገጠሩ ሕይወት የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁንና አንድ መሣሪያ በሰዎች መካከል ገብቶ የስብስቡን ጠባይ ሲለውጥ ማየት ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ለዚህ ዐቢይ ምሳሌ ነው። የሚናገሩ መሣሪያዎች ወደ አነስተኛ ከተሞችና ወደ ገጠር ቀበሌዎች በስፋት ከመድረሳቸው በፊት ይህን ልምድ በሌላው ዓለም ከተካሄዱ ጥናቶች ጋር አስተያይቶ መመርመር የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዚህ ምርመራ መካነ ሰላምና አካባቢዋ ተገቢ ማሳያ ይሆናሉ። ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቦረና ወረዳ የምትገኘው መካነ ሰላም፣ ከዓባይ ማዶ ካለው ምሥራቅ ጎጃም ጋር በሚዋሰነው ደጋማ ምድር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የሳይንት፣ የመሐል ሳይንትና የለጋምቦ አርሶ አደሮች እንደ ሌላው የወሎ ሕዝብ ሁሉ ሥራውንም ሐዘኑንም በጋራ የሚወጡ ናቸው። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ወንፈልና ጅጌ አለ። ሰው ሲሞት ቀብሩን የሚያስፈጽመው፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናውና ለእንግዳው የሚቀርበውን የሚያሰናዳው ቅሬ ነው። በወሎ በብዙ ስፍራ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተደራጅቶ እርስ በርሱ ይቀባበራል። ሰው ከሰው ሲጣላም ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ለሽማግሌ ይቀርባል።

እነዚህ ስብስቦች የሚቆሙት በመዋጮና በደንብ ብቻ አይደለም። ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ማን ያዳምጣል፣ ዝምታ መቼ መስማማት፣ መቼስ ተቃውሞ ይሆናል የሚለውን አባላቱ ሳይጽፉት ያውቁታል። የቅሬ ዳኛው ቃል ከሌላው አባል ቃል ይልቅ ይከበራል፤ ወጣት በታላላቆቹ ፊት ቆጥቦ ይናገራል። አዲስ ተናጋሪ በመካከላቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው ይህን ያልተጻፈ ሥርዓት ነው።

ኢትዮጵያ በማኅበራዊ ሮቦቶች ሥራ ውስጥ ያላት ድርሻ ከብዙዎች ግምት የላቀ ነው። እ.ኤ.አ በ2013 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ካደረገው ሃንሰን ሮቦቲክስ የተሠራችው የሶፊያ ሶፍትዌር ሲበለጽግ ከተሳተፉት መካከል አንዱ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም የሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት እንደተሰጣት የተነገረላት ሶፊያ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር አዲስ አበባን ጎብኝታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝታለች። አንዳንድ ክፍሎቿን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በመቅረቱ ተይዞ የነበረው ጋዜጣዊ መግለጫ መሰረዙም በወቅቱ ተዘግቧል።

ከዚያ ወዲህ በመንግሥት በኩል የተወሰዱ እርምጃዎችም አሉ። በ2012 ዓ.ም በማዕከል ደረጃ የተቋቋመው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቋም ኋላ ወደ ኢንስቲትዩትነት አድጓል፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም የሳይንስ ሙዚየም በአዲስ አበባ ተመርቋል፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲን አጽድቋል። እነዚህ እርምጃዎች ቴክኖሎጂውን የመሥራትና የመቆጣጠር አቅም ለመገንባት ያለሙ ናቸው። ቴክኖሎጂው በአንድ ክፍል ተማሪዎች ወይም በአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ምን ያደርገዋል የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ ከተካሄዱት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራውና እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ የሆነው ነው። በጥናቱ 153 ሰዎች በ51 ቡድኖች ተከፍለው፣ በእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሰዎችና አንድ ትንሽ ሮቦት ሆነው፣ በታብሌት ላይ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ጨዋታ በጋራ ተጫውተዋል። በአንዳንዶቹ ቡድኖች ሮቦቱ ሲሳሳት ስህተቱን ያምናል፣ ይቀልዳል፣ ስለ ራሱም ያወጋል። በሌሎቹ ስለ ጨዋታው ሂደት ብቻ ይናገራል፤ በቀሩት ደግሞ ዝም ይላል። ሮቦቱ ስህተቱን በሚያምንባቸው ቡድኖች ውስጥ የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ የተነጋገሩበት ጊዜ ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የመናገር ዕድሉም በሦስቱ መካከል በተሻለ ሁኔታ ተከፋፍሏል።

ከዚህ ውጤት የሚወሰደው ዋና ቁም ነገር ሮቦቱ ሰዎቹን ከራሱ ጋር ማነጋገሩ አይደለም። የእርሱ አነጋገር ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን መንገድ ለውጧል። አንዱ አባል ድክመቱን ሲገልጥ ሌላውም ሳይሸማቀቅ የመናገር ድፍረት እንደሚያገኝ ከሰው ልምድ ይታወቃል። አዲሱ ነገር ይህን ድፍረት መሣሪያም ሊፈጥረው መቻሉ ነው።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2019 ያቀረቡት ሥራ ደግሞ ሮቦት ይህን ለማድረግ መናገር እንኳ እንደማያስፈልገው ያሳያል። የሠሩት በጠረጴዛ መካከል የሚቀመጥ፣ የድምፅ ማጉያ የመሰለ ሮቦት ሲሆን ሥራው ብዙ ወዳልተናገረው ሰው መዞር ብቻ ነው። ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ ዝም ያለው ሰው እንዲናገር፣ ሌሎቹም ወደ እርሱ እንዲመለከቱ አድርጓል። የቡድኖቹ ተሳትፎ ሚዛኑን ጠብቋል፤ የተሰጣቸውንም ችግር በተሻለ መንገድ ፈትተዋል።

ጸብን በሚመለከትም እ.ኤ.አ በ2015 የወጣ የኮርኔልና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። በዚህ ጥናት አንድ የቡድን አባል ሌላውን እንዲዘልፍ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ስድቡ ሲሰነዘር ሮቦቱ ንግግሩ ተገቢ አለመሆኑን ያመለክታል። የተጠበቀው ጸቡ እንዲበርድ ነበር፤ የተገኘው ግን የቡድኑ አባላት በመካከላቸው ጸብ መኖሩን ይበልጥ መገንዘባቸው ነው። ሰዎች አለመግባባትን ሸፋፍነው የማለፍ ዝንባሌ አላቸው፤ የሮቦቱ ጣልቃ ገብነት ይህን መሸፋፈን አዳጋች አድርጎታል። በወሎ ሽምግልና የሚያውቁ ሰዎች ለዚህ ግኝት እንግዳ አይሆኑም። በሽማግሌ ፊት በደል በግልጽ ሳይነገር ዕርቅ አይወርድምና።

በሌላ በኩል ሮቦት የሰዎችን ግንኙነት ሊያሻክር እንደሚችልም ተረጋግጧል። በኮርኔል በተካሄደ ሌላ ጥናት ሁለት ሁለት ሰዎች በአንድነት የእንጨት ማማ ሲገነቡ እንጨቱን የሚያቀብላቸው የሮቦት ክንድ ነበር። ክንዱ ለአንደኛው አብዝቶ፣ ለሌላው አሳንሶ ሲሰጥ ሰዎቹ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ባላቸው ግንኙነት የሚሰማቸው እርካታ ቀንሷል። አድልዎውን የፈጸመው መሣሪያው ቢሆንም የተጎዳው በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ርዳታም ሆነ ግብዓት በስም ዝርዝር በሚከፋፈልበት አካባቢ ይህ ግኝት በቸልታ የሚታለፍ አይሆንም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበው በሕፃናት ላይ የታየው ነው። በብሪታኒያ የፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ጥናት የሥነ ልቦና ሊቁ ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ በሰዎች ላይ ያደረገውን የታወቀ ሙከራ በሮቦቶች ደግሞታል። ከ7 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 43 ሕፃናት ከተሰመሩት መስመሮች መካከል በርዝመት እኩል የሆኑትን እንዲለዩ ተጠይቀዋል። ብቻቸውን ሲሆኑ 87 በመቶ በትክክል ሲመልሱ፣ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ከሚሰጡ ሦስት ሮቦቶች ጋር ሲቀመጡ ግን ትክክለኛ መልሳቸው ወደ 75 በመቶ ዝቅ ብሏል። ከስህተቶቻቸው ውስጥም 74 በመቶ የሚሆኑት ሮቦቶቹ የሰጡት መልስ ቃል በቃል ነበሩ። በተመሳሳይ ሙከራ የተሳተፉ 60 አዋቂዎች ግን ለሮቦቶቹ ግፊት አልተበገሩም።

ከእነዚህ ጥናቶች የሚገኘው ድምዳሜ አንድ ነው። ሮቦት በስብስብ መካከል ሲገባ ገለልተኛ ዕቃ ሆኖ አይቀመጥም። ለሌሎች ስፍራ የሚለቅ ጠባይ ከተሰጠው ስብስቡን ያነቃቃል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሆኖ ከተሠራ ደግሞ ስብስቡን ያደነዝዛል።

የኢትዮጵያ የራሷ ልምድም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1997 ዓ.ም በስፋት ሥራ ላይ የዋለው የፕላዝማ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረ ፕሮግራም ነው። ዓላማው በከተማም በገጠርም ላለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ማድረስ ነበር። ቤተ ሙከራ ባልነበራቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሙከራዎችን በምስል እንዲያዩ ማስቻሉም በጥቅምነቱ ሊጠቀስ ይገባል።

ይሁን እንጂ መስኮቱ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን የሰዎች ግንኙነት መለወጡ አልቀረም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ መምህሩ የሚናገረው በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበር። መስኮቱ ጥያቄ አቅርቦ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ተማሪው ገባውም አልገባው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከትምህርት ባለሙያዎች በተደጋጋሚ የተነሣው ቅሬታም የፍጥነቱና የቋንቋው ጉዳይ፣ እንዲሁም መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች የመሆኑ ነገር ነበር። መምህር ጀርባ ላይ የተቀመጠችውን ተማሪ ፊት አይቶ ትምህርቱ እንዳልገባት ይረዳል፤ ቆም ብሎም በሌላ ምሳሌ ያስረዳታል። መስኮቱ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። በዚህም የተነሣ ክፍሉን መከተል የሚችለው አስቀድሞ እንግሊዝኛ የበረታው ተማሪ ሆነ። በክፍሉ ውስጥ ማን ጎበዝ፣ ማንስ ደካማ ተደርጎ እንደሚታይ የሚወስነው ነገር ከመምህሩ እጅ ወጣ ማለት ነው።

ከዚህ የተለየ ውጤት ያሳየው በግብርና ኤክስቴንሽን የተሞከረው አሠራር ነው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በተንቀሳቃሽ ምስል የተደገፈ የግብርና ምክር አሰራጭቷል። ምስሉ የሚቀረጸው የአካባቢው አርሶ አደሮች በገዛ ቋንቋቸው እየተናገሩ ሲሆን፣ የሚታየውም በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሳያ ጥቂት አርሶ አደሮች በተሰበሰቡበት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየመካከሉ ምስሉን እያቆመ ይጠይቃል፤ አርሶ አደሮቹም ይከራከራሉ። የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2017 የመኸር ወቅት ያካሄዱት ጥናት አርሶ አደሮቹ ስለ ተሻሻሉ አሠራሮች ያላቸው ግንዛቤም ሆነ ሥራ ላይ ማዋላቸው ከተለመደው ምክር ብልጫ እንዳለው አመልክቷል።

ፕላዝማውም ይህም በምስል የሚያስተምሩ መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን አንደኛው ሰዎቹን ዝም አሰኝቶ ይናገራል፤ ሁለተኛው በሰው እጅ እየቆመ ሰዎቹን ያናግራል። ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ጣቢያ የሚገባ ሮቦት ከሁለቱ የየትኛውን ጠባይ ይዞ ይመጣል የሚለው ጥያቄ ዋጋውን ከሚመለከተው ጥያቄ እኩል ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

በእርግጥ በውጭ አገር የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወደ መካነ ሰላም ማምጣት አይቻልም። ከላይ በተጠቀሱት ጥናቶች የተሳተፉት በአብዛኛው ለአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። የቅሬ አባላት ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ ነገም አብረው የሚኖሩ ናቸው። በኮርኔል ሙከራ ዝም ያለ ሰው እንዲናገር መጋበዙ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። በሽማግሌዎች ጉባኤ ግን ዝም ያለ ሰው ተራውን እየጠበቀ ወይም በዝምታው ቅሬታውን እየገለጸ ሊሆን ይችላል። መሣሪያ ይህን ልዩነት ሳይረዳ ሁሉን እኩል ላናግር ቢል አክብሮትን እንደ መድፈር ይቆጠርበታል።

ይህ ማለት ግን ነባሩ ሥርዓት የማይነካ ነው ማለት አይደለም። በብዙ የገጠር ስብሰባዎች ሴቶችና ወጣቶች ሐሳባቸውን በሙሉ ሳይናገሩ ስብሰባው እንደሚበተን የታወቀ ነው። ወደ ዝምተኛው የሚዞር አሠራር ለእነርሱ በር ሊከፍት ይችላል። በየትኛው ጉባኤ ይህ እንዲሆን፣ በየትኛውስ እንዳይሆን የመወሰን ሥልጣን ግን የስብስቡ አባላት እንጂ የመሣሪያው ሠሪዎች ሊሆን አይገባም።

ሌላው ዐቢይ ጉዳይ ቋንቋ ነው። የሚናገር መሣሪያ መልስ የሚሰጠው ለሚገባው ሰው ነው። አማርኛን በሚገባ የማይሰማ፣ ወይም የከተማውን አነጋገር ሰምቶ የወሎን ገጠር ለዛ የሚስት መሣሪያ በአንድ ቡድን መካከል ቢቀመጥ፣ ሊያነጋግረው የሚችለው በትምህርት የገፋው ሰው ብቻ ይሆናል። ሌሎቹም ጥያቄያቸውን በእርሱ በኩል ለማቅረብ ይገደዳሉ። ትናንት በእርሻ ልምዱ ወይም በዕድሜው ይከበር የነበረ ሰው ዛሬ አስተርጓሚ ይፈልጋል። መሣሪያው ማንንም ዝቅ ላድርግ ሳይል የቡድኑን የመከበር ቅደም ተከተል ለውጦታል። ፕላዝማው እንግሊዝኛ ለበረታው ተማሪ ያደረገውም ይኸው ነበር። አማርኛንና ሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎችን ለመሣሪያ የማስተማር ሥራ፣ ከቴክኒክ ጉዳይነቱ ባሻገር የፍትሐዊነት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ረገድ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሊኖረው የሚችለው ሚና ከፍ ያለ ነው። በአካባቢው ከሚኖረው ሕዝብ ጋር በቅርብ የሚገናኝ ተቋም በመሆኑ ቴክኖሎጂው በሰዎች መካከል የሚያመጣውን ለውጥ ቀድሞ ለመፈተሽ የሚያስችል ስፍራ ላይ ይገኛል። ለዚህም ውድ ሮቦት መግዛት የግድ አይደለም። በኮርኔል የተሠራው ወደ ዝምተኛው የሚዞር መሣሪያ የሚያሳየው ቀላል ነገርም ለጥናት በቂ ሊሆን እንደሚችል ነው። ማን ስንት ጊዜ ተናገረ፣ ማን ለማን መለሰ፣ መሣሪያው ከወጣ በኋላስ የቡድኑ አባላት ምን ያህል ተነጋገሩ የሚሉትን መመዝገብ ተማሪዎች በመማሪያ ክፍላቸው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

የሕፃናቱ ጉዳይ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። አዋቂ ሰው ሮቦት ሲሳሳት አይቶ የራሱን ዓይን ያምናል፤ የ8 ዓመት ልጅ ግን የራሱን ዓይን ትቶ ሮቦቱን ሊያምን እንደሚችል ታይቷል። መጽሐፍና ቴሌቪዥን እምብዛም ባልተዳረሱበት ቀበሌ የሚያድግ ልጅ ከሩቅ የመጣን መሣሪያ የበለጠ ሊያምነው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለሆነም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚናገር መሣሪያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ ሲሳሳት የሚያርመው መምህር በክፍሉ መኖሩና የማቆም ሥልጣኑም በእጁ መሆኑ በመመሪያ ሊረጋገጥ ይገባል።

የፕላዝማው ትምህርት ሲጀመር ብዙ የተነገረው ስለ መስኮቱ ጥራትና ስለ ሳተላይቱ አቅም ነበር። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው ምን ይሆናሉ የሚለው ጎልቶ የተነሣው መሣሪያዎቹ በየትምህርት ቤቱ ከተሰቀሉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ፣ መምህራንም ከአሠራሩ ጋር ተላምደው ስለነበር ማስተካከሉ ቀላል አልሆነም። የሚናገሩ መሣሪያዎች በመካነ ሰላም የመማሪያ ክፍሎችም ሆነ በለጋምቦ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ገና ቦታቸውን ስላልያዙ፣ ይህን ጥያቄ በጊዜው ለማንሣት ዕድሉ አለ። ፖሊሲውን ወደ ዝርዝር መመሪያ የሚለውጡ አካላት አንድ መሣሪያ ስንት ሰው አገለገለ ከሚለው መለኪያ ጎን ለጎን፣ መሣሪያው በተቀመጠበት ክፍል ወይም ጉባኤ ሰዎች ከቀድሞው ይልቅ ተነጋገሩ ወይስ ዝም አሉ የሚለውን ሊመዝኑት ይገባል።